አምስት ቅጠል የእኛ፣ ሰባት ቅጠል የዱር

ወረታ ውስጥ ጽጌረዳ የሚያውቅ ሰው ቢኖር አቶ አድማሴ ብቻ ናቸው፤ ይህንንም የነገሩን ራሳቸው አቶ አድማሴ ናቸው። የኬላ ጸሐፊ ነበሩ። ሥራ ሲተዉ ሌላው ሰው በሬ ይገዛል፣ እሳቸው ግን ጣልያን ጎንደር ጥሎት የሄደ የአበባ መጽሐፍ ይዘው መጡ። ጽሑፉን ማንበብ የሚችል በአገሩ አልነበረም። ስለዚህ ሥዕሉን እያዩ የሚሉትን ሁሉ የሚያስተባብላቸው ጠፋ።

እኔ ሸዋነሽ ጠጅ ቤት አለኝ፤ ደጄ ላይ ጥቂት ጽጌረዳ ተክዬ ነበር። የሒሳብ አስተማሪው መምህር አበረም እንደዚሁ። በ1952 ዓ.ም. ሦስታችን ማኅበር ገባን። ቅዳሴ ሲወጣ በየተራ አንዳችን ግቢ እየተሰበሰብን የየአበባውን ዘር እንለያለን። ጠላም ዳቦም የሌለው ማኅበር ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ስም የሚያወጡት አቶ አድማሴ ናቸው፤ ከዘይት ቆርቆሮ ቆርጠው በምስማር ይጽፉና እግሩ ሥር ይተክሉታል። ቀዩ «ኮሎኔል» ተባለ፣ ሐምራዊው «የሮማ ልዕልት»። ልዕልቲቱ ደጄ ከመጣች ጀምሮ አንድ ቀን አብባ አታውቅም፤ ልዕልት ናትና ማን ይናገራታል።

ሕግም አወጡልን። የፈረንጅ ጽጌረዳ ቅርንጫፍ ተቆርጦ የሚሰካው በቀጋ ጉቶ ላይ ነው። ቀጋ ደግሞ የዱር እሾህ ነው፤ ችላ ካሉት ከሥር አቆጥቁጦ የተሰካውን ይውጠዋል። «አምስት ቅጠል የእኛ፣ ሰባት ቅጠል የዱር» ይላሉ በአንድ ዘንግ ላይ ያለውን ቅጠል በጣታቸው እየቆጠሩ። ግቢው ቀጋ የተገኘበት አባል ማኅበርተኛው እያየ ይነቀልበታል። የእኔን ሁለት እግር በገዛ ዶማቸው ነቅለውልኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቂሙ ከሆዴ አልወጣም ነበር።

የአቶ አድማሴ ጉቶ ግን የባለቤታቸው የእትዬ አማከለች እጅ የተከለው ነው። ከጣራ ገዳም ሲመለሱ የቀጋ ችግኝ በነጠላቸው ጠቅልለው አምጥተው ተከሉት፤ አድጎ አጥር ቢሆን ከብት አይገባም ብለው። አቶ አድማሴ አፈሩበትና ላዩን ቆርጠው ኮሎኔላቸውን ሰኩበት። ቀጋው ባቆጠቆጠ ቁጥር ይቆርጡታል። እትዬ አማከለች «ኧረ አንቱ፣ አንድ ጊዜ ሲያብብ ልየው» ይሉ ነበር። «እሾህ እኮ ነው» ይሏቸዋል። እትዬ በ1954 ዓ.ም. አረፉ፣ አበባውን ሳያዩ።

በዓመቱ ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ የታችኛውን ግቢ ሁሉ አጥለቀለቀው። ውኃው ዋልካው አፈር ላይ አንድ ወር ተኝቶ ኮሎኔሉን ከነማዕረጉ ጨረሰው፤ ሌሎቹም መኳንንት ተከተሉት። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። በወርኃ ጽጌ ተራው የእሳቸው ሆኖ ብንሄድ፣ ከባዶው ግቢ፣ ከዚያው ከኮሎኔሉ ቦታ፣ አንድ ነጭ አበባ ቆሞ ጠበቀን። አዲስ ቆርቆሮ ተተክሎለታል፤ «አዲስ ዘር» ይላል።

መምህር አበረ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ገለጡት፤ የለም። «መጽሐፉ ሲጻፍ ገና አልተገኘም ነበር» አሉ አቶ አድማሴ፣ ዓይናቸውን ከእኔ ሸሸት አድርገው። እኔ ምን አጣደፈኝ? ጎንበስ ብዬ ቅጠሉን ጮክ ብዬ ቆጠርኩ። ሰባት።

«አቶ አድማሴ፣ ይሄ ቀጋ ነው። ዶማዎ የት አለ?» አልኩ። ደስ እንዳለኝ አልደብቅም።

መምህሩ እየሳቁ ዶማውን ከጓሮ አመጡ። አቶ አድማሴ በእኛና በአበባው መካከል ቆሙ።

«ቀጋ መሆኑን አጣሁት እንዴ፣ ሸዋነሽ? ስንት ዓመት ስቆርጠው ኖሬ?» አሉ። «የፈረንጁ አለቀ። ይሄ የአማከለች ነው። በሕይወቷ ሳለች አንድ ቀን እንኳ እንዲያብብላት አልተውኩም። ዛሬ ልትነቅሉባት ነው?»

ከአፍ የወጣ አፋፍ። አፈርኩ። መምህር አበረ ዶማውን ከግድግዳው አስደገፉ። መነጽራቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና አበባው ላይ ጎንበስ ብለው ቅጠሉን እንደ አዲስ ቆጠሩ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት» ብለው ቀና አሉ። «ሸዋነሽ፣ ቆጠራ ተሳስተሻል።»

የሒሳብ አስተማሪ ናቸውና ማን ይከራከራቸዋል። ማኅበሩ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ቆየ። ተራው የአቶ አድማሴ በሆነ ቁጥር ያንን ቅጠል የምቆጥረው እኔ ነበርኩ፤ ጮክ ብዬ እጀምርና አምስት ላይ አቆማለሁ።