ሦስተኛው የስፒከር ሳጥን

ደሴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። እሁድ እሁድ ደግሞ በአጥቢያችን ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። ሁለቱን ለዓመታት የያዝኳቸው እንደማይነጋገሩ ጎረቤታሞች ነበር፤ አንዱ ስለ ሌላው አይጠይቅም። ይህን ያወቅሁት ግን አንድ ትልቅ ሰው በእኔ ጥፋት አንገታቸውን ከደፉ በኋላ ነው።

እኚህ ሰው አናጺ ናቸው። ኮምቦልቻ ውስጥ በርና መስኮት፣ አልጋና ቁም ሳጥን ይሠራሉ። በኮምቦልቻዋ አጥቢያ ያሉትን አግዳሚ ወንበሮች በሙሉ የሠሩት እሳቸው ናቸው። ሰው ሲያመሰግናቸው «እንጨቱ ጥሩ ነበር» ብለው ያልፋሉ።

የሁለቱ ከተሞች አጥቢያዎች በጋራ ያዘጋጁት ኮንፈረንስ ኮምቦልቻ ነበር የተደረገው። የቤዙን ድምፅ የሚያጎላውን አምፕና ሁለቱን የስፒከር ሳጥኖቻችንን ሚኒባስ ላይ ጭነን ከደሴ ቁልቁል ወረድን። ሹራቤን ገና መንገድ ላይ ነበር ያወለቅሁት። አዳራሹ በር ላይ አናጺው ቆመው ጠበቁን። አጠገባቸው ማዕዘኑ የተሞረደ፣ በግራና በቀኝ እጀታ ያለው፣ ፊቱ በጥቁር ጨርቅ የተሸፈነ ሳጥን ነበር። ውስጡ ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች አሉት።

«ለቤዙ ነው» አሉኝ። «አዳራሹ ሰፊ ነው፤ ከኋላ የሚቀመጠው ሰው አይሰማውም ብዬ ሦስት ወር ስሠራው ነበር።»

ደስ አለኝ። ስፒከር ከበዛ ድምፅ ይበዛል፣ አለቀ። አምፑ ከኋላው ሁለት መሰኪያ ብቻ ስላለው የእኛን ሁለቱን እዚያ ሰካሁ፤ የእሳቸውን ደግሞ ከአንደኛው ሳጥናችን ጀርባ ካለው ትርፍ ቀዳዳ ጋር በገመድ አገናኘሁት። አናጺው ጎንበስ ብለው ሲያዩኝ ቆዩና «አምፑ ሦስቱንም ይችላል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ቀዳዳ ካለ ይችላል ማለት ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ይህን መልሴን ስንት ጊዜ በጆሮዬ እንደሰማሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

መጀመሪያ ላይ ድምፁ ግሩም ነበር። ወለሉ በእግሬ ሥር ሲርገበገብ ይሰማኝ ነበር። አናጺው ከአዳራሹ መጨረሻ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው ቆመዋል፤ ፈገግታቸው ከመድረኩ ይታየኛል። ሦስተኛው መዝሙር ላይ አምፑ ዝም አለ። አጠፋሁና አበራሁት፤ ተመለሰ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጠፋ። ከላይ ስነካው ያቃጥላል። የቀኑ ሙቀት ነው ብዬ እንደገና አበራሁት። ያኔ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፤ ከዚያም በኋላ አልነሳም አለ። ጉባኤው ያለ ቤዝ መዘመሩን ቀጠለ። እኔ የማይሰማ ጊታር ታቅፌ ቆምኩ።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ የዝማሬ አስተባባሪያችን ዕቃውን ዞሮ አየው።

«ይሄ አምፕ እንዲህ ሆኖ አያውቅም» አለ። «ዛሬ አዲስ ነገር ይሄ ሳጥን ብቻ ነው።»

ሁሉም ሳጥኑን አየ። ቀጥሎም የሠሩትን ሰው። አናጺው ኮፍያቸውን በእጃቸው ያሽከረክራሉ። «ስፒከሮቹ አሮጌ ናቸው፤ ከእነሱ ይሆናል። ይቅርታ አድርጉልኝ» አሉ። የሰካሁት እኔ እንደሆንኩ እያወቅሁ አንድ ቃል አልወጣኝም። ሳጥኑን ብቻቸውን ባጃጅ ላይ ሲጭኑ ልናግዛቸው ብንልም እንቢ አሉ።

በማግስቱ አምፑን ደሴ ፒያሳ ወዳሉ አንድ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ወሰድኩት። ሽማግሌ ናቸው፤ ሱቃቸው ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም።

«መርሀባ፣ ግቢ ልጄ» አሉኝ። ክዳኑን ፈቱና የጠቆሩትን ትራንዚስተሮች በብሎን መፍቻው ጫፍ አሳዩኝ። «ስንት ሳጥን ሰክተሽበት ነው?»

«ሦስት።»

«ስንት ስንት ኦም?»

«የእኛ ሁለቱ ስምንት ስምንት ናቸው። የሦስተኛውን አላየሁም።»

የአምፑን ጀርባ አዞሩልኝ። ከመሰኪያዎቹ በላይ ከአራት ኦም በታች እንዳይሰካበት ተጽፏል። መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አንድም ጊዜ አላነበብኩትም።

«ሥራሽ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«አስተማሪ ነኝ።»

«የምን?»

ቢቀርብኝ ደስ ባለኝ። «የፊዚክስ።»

አልሳቁም። «ሱብሐነላህ» አሉ በቀስታ፤ ከዚያ ቁራጭ ካርቶንና እርሳስ ገፋ አደረጉልኝ። «እንግዲያው አንቺው አስሊው። ሁለቱ ስምንት ጎን ለጎን ሲሰኩ ስንት ይመጣል?»

«አራት።»

«አምፑ እዚህ ድረስ ይችላል። ሦስተኛው አራት ኦም ቢሆንስ?»

«ሁለት» አልኩ። በየዓመቱ ለፈተና የማወጣው ጥያቄ ነው።

«ኦም ማለት እንቢታ ነው» አሉኝ። «ስፒከሩ የኤሌክትሪኩን ጅረት ምን ያህል እንቢ እንደሚል ነው የሚነግርሽ። ሳጥን ሲጨመር እንቢ ባይ የበዛ ይመስላል። ግን ጎን ለጎን ሲሰካ የሚበዛው መንገዱ ነው። እኛ ዘንድ ደሴ ዙሪያ ከአንድ ምንጭ ሦስት ቦይ ብትከፍቺ ምንጩ ነው የሚደክመው። አምፑም አቅሙ እስኪሟጠጥ ሰጠ፤ ጋለ፤ ‹በቃኝ› ብሎ ሁለት ጊዜ ጠፋልሽ። አንቺ ነሽ ያልሰማሽው።»

«ዋቱስ?»

«እሱ ሌላ ነው። አምፑ በአራት ኦም ሦስት መቶ ዋት ይሰጣል። የሚቀበለው ስፒከር ደግሞ ሦስት መቶና ከዚያ በላይ የሚሸከም ይሁን። ኦሙ አምፑን ይጠብቃል፣ ዋቱ ስፒከሩን።»

«እንግዲያው ሳጥኑ ምንም ጥፋት የለበትም?»

«ወላሂ...» ብለው መማል ጀመሩና አቋረጡት። «ሳላየው አልምልም። ሂጂና ለኪው።» የኦም መለኪያ ቴስተራቸውን ሰጡኝ። «አራት ኦሙ ሦስት ምናምን ቢያነብብሽ አትደንግጪ፤ ቴስተር ሁልጊዜ ዝቅ አድርጎ ነው የሚያነበው። አብሽሪ።»

ቅዳሜ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሳጥኑ የአናጺው ሥራ ቤት ጥግ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀምጧል፤ በላዩ ጣውላ ተከምሮበታል። የመጣሁበትን ስነግራቸው ጣውላውን አንድ በአንድ አወረዱ። ቴስተሩን መሰኪያው ላይ አደረግሁት። ሦስት ነጥብ አራት።

መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩን ራሳቸው አዩት። «ይሄ ምን ማለት ነው?»

«አራት ኦም ነው። ጤነኛ ነው። የስፒከሮቹ ዋትም ሲደመር ከአምፑ ጋር እኩል ነው፤ ይህ ሳጥን ብቻውን ቢሰካ ልኩ ነበር። እኔ ነኝ ከሌሎቹ ጋር የደረብኩት። እርስዎ ጠይቀውኝ ነበር።»

መላጊያቸውን አነሱና አንድ ሁለት ጊዜ እንጨቱ ላይ ገፉት። ከዚያ ቆሙ።

«እኔ ያፈርኩት ሰው ፊት ነው» አሉ።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ሰው ፊት ንገሪልኝ።»

ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። ይቅር ብዬሻለሁም አላሉኝም። ወደ ደሴ ስመለስ መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳወጣና ሳወርድ ነበር፤ አስተባባሪውን ብቻ ጠርቶ በጆሮው መንገር አይበቃም ይሆን እያልኩም ራሴን አባብያለሁ። ትምህርት ቤት ብዙ ሰው ፊት ቆሜ መናገር ሥራዬ ነው፤ ግን እዚያ ሁልጊዜ መልሱን የማውቀው እኔ ነኝ።

አምፑ ተጠግኖ እንደገና ኮምቦልቻ ስንሄድ ከመዝሙር በፊት ማይክ ተቀበልኩ። ያዘጋጀሁት ረጅም ነበር፤ የወጣኝ ግን አጭር ነው። «ባለፈው አምፑን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ሳጥኑ ምንም አልነበረበትም። የሠሩት ጋሼ ሲወቀሱ ዝም ብያለሁ፤ ከሁሉ የከፋው እሱ ነው።» ከመሐል አንድ ሰው «ፊዚክስ አስተማሪዋ!» ሲል ሰማሁ፤ አንዳንዶች ሳቁ። ጆሮዬ ጋለ። አስተባባሪያችን ግን አልሳቀም። ወርዶ በአግዳሚዎቹ መሐል አልፎ አናጺውን በሁለት እጁ ጨበጣቸው። እሳቸው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ፣ የሆነ ነገር አሉት፣ ተቀመጡ። ምን እንዳሉት እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም።

ያን ቀን አምፑን ከእሳቸው ሳጥን ጋር ብቻ ሰካሁት። እስከ መጨረሻው ተጫወትን። ዕቃ ስንሰበስብ አናጺው መጡ፤ እኔን ሳይሆን ሳጥኑን እያዩ «ያ ጠጋኝ ሱቁ የት ነው?» አሉኝ።

ወሰድኳቸው። ከዚያ በኋላ የእኔ አስፈላጊነት አበቃ። አሁን አናጺው ለአዳራሽም ለሠርግ ቤትም የስፒከር ሳጥን ይሠራሉ፤ እያንዳንዱን ሳያስለኩ አያስረክቡም። ደሴ ሲወጡ የሚውሉት ፒያሳ፣ እዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው። ጠጋኙ ለቀትሩ የዙሁር ሶላት መስጊድ ሲሄዱ ሱቁን አናጺው ይጠብቃሉ። ባለፈው ሳምንት ገመድ ልገዛ ጎራ ብል ሳጥን በስስ ጣውላ ይሠራ ወይስ በወፍራም እያሉ ሲከራከሩ ደረስኩ። ሰላምታዬን ከመለሱልኝ በኋላ እንኳ ክርክሩን አላቆሙም። በሩ ላይ ቆሜ እስኪጨርሱ ጠበቅሁ።