የሚራበው አዛዥ

ፖሊሶች ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ካለው ቤቴ ሲወስዱኝ ከእኔ ይልቅ ላፕቶፔን ነበር በጥንቃቄ የያዙት። ልደታ አካባቢ ያለው ጣቢያ ስንደርስ እሷን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጧት፤ እኔን እርጥብ ሲሚንቶ ላይ። ክፍሉ ላብና በርበሬ ይሸታል፤ ቤተሰብ የሚያመጣው ስንቅ የሚበላው እዚያው ነው።

የክፍሉ ካቦ፣ እኛን እስረኞቹን የሚያስተዳድረው ሽማግሌ እስረኛ፣ ጠጋ አለኝ።

"ምን አድርገህ ነው ልጄ?"

"ጦርነት ሠርቼ።"

"የት?"

"ኮምፒውተር ላይ፣ አባባ።"

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ በማግስቱ የሚለቁኝ መስሎኝ ነበር።

ሥራዬ ኮምፒውተር ውስጥ የሚዋጉ ጦሮችን መሥራት ነው። ታንኩ ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው አዛዡ ነው። ሰው እንዲሆን ስለፈለግሁ የእኔ አዛዥ ይራባል፣ እንቅልፍ ያጣል፤ ሆዱ ባዶ ሲሆን ትእዛዝ ቢደርሰውም ያዘገያል።

መርማሪው የያዘው ይህንኑ ነው። "የሚያዘገይ አዛዥ ከሃዲ ነው። ሠራዊቱን ልታስከዳ ነው የጻፍከው። ያቺን የኮድ መስመር አጥፋና ቤትህ ግባ።"

ካቦው ይህን ሲሰማ፣ "አጥፋና ውጣ እንጂ፤ ምን ቸገረህ?" አለኝ። የቸገረኝስ ነበር። ያቺን መስመር የጻፍኩት ከግንባር የተመለሱ ሰዎች ፊት ቁጭ ብዬ ረሃባቸውን ሲያወሩ ሰምቼ ነው። እነሱን ውሸታም ማድረግ ደሜን አፈላው።

በማግስቱ እንደገና ተጠራሁ። ሁዳዴ ነበር፤ ሰዓቱ ስምንት አልፏል። የመርማሪው ከንፈር ደርቋል፤ ላፕቶፔ ጠረጴዛው ላይ ተከፍታለች።

"ታጠፋለህ አታጠፋም?"

"አላጠፋም።"

ግንባሩን አሸት አሸት አደረገና በሩ ላይ የቆመውን ፖሊስ፣ "መልሰው" አለው። "ጾም ላይ ነኝ፤ በባዶ ሆዴ ምንም አልወስንም። ዘጠኝ ሰዓት ቀመስ አድርጌ አየዋለሁ።"

ዝም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

"ኢንስፔክተር፣ የእኔም አዛዥ ያደረገው ይህንኑ ነው።"

ፖሊሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ላፕቶፗን በሁለት እጄ ቀስ ብዬ ዘጋኋትና ወጣሁ።

በዚያች ቃል የተነሳ ፋሲካን እዚያው ታስሬ ዋልኩ። አይቆጨኝም።

ስፈታ ላፕቶፗ አልተመለሰችልኝም። ሥራውን ከባዶ ጀምሬ ጻፍኩት። የዛሬው አዛዤም ይራባል፣ ያዘገያል። አንድ ነገር ብቻ ጨምሬለታለሁ፤ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል።