ፓስወርድ የቀየርኩ ሰሞን

የዛሬ ሁለት ሳምንት ሰኞ ጠዋት... ከስንት ወር በኋላ ቤቴ እንግዳ ገባ።

ላሊበላ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ እንግዳ ማለት አሁን እንደ ክረምት ፀሐይ ነው። እኔ ሦስት ክፍል አከራያለሁ፤ ሦስቱም ተዘግተው ነው የከረሙት። ታዲያ ይሄ ሰውዬ ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ኢንተርኔቱ በጣም ቀርፋፋ ነው።»

ደሜ ፈላ። በሰውዬው አይደለም፣ በሰፈሩ ነው። ዋይፋዩን ሳስገባ ፓስወርዱን ከአንድ እስከ ስምንት ያለውን ቁጥር በተራ አድርጌው ነበር። ቆጥሮ የሚያውቅ ሁሉ ይገባበታል። ስልኬን አውጥቼ የዋይፋዩን ማስተካከያ ስከፍት፣ አሁን የገቡትን ሁሉ ዘርዝሮ አሳየኝ። አስራ አንድ ስልክ! እኛ ቤት ያለው ሁለት ነው!

ወይ ጉድ! የማንም ይሁን የማን ብዬ ሁሉንም አባረርኩ። አዲሱን ፓስወርድ ፊደልና ቁጥር ቀላቅዬ ይሄን ያህል ረዥም አደረግኩት። ለባለቤቴ ለየሺ እንኳን አልነገርኳት፤ እህቷ ወልዳ አራስ ልትጠይቅ ኩልመስክ ሄዳ ነበር። ኢንተርኔቱ በረረ። እንግዳዬም አመሰገነኝ። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

በነጋታው ጎረቤታችን ቄስ አዳነ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አጥራችን ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጠዋት ጠዋት እዚያ ይቀመጣሉ፤ ፀሐይ የሚሞቁ ነበር የሚመስለኝ። መስቀላቸውን ተሳለምኩ። አንዴ ስልካቸውን ያያሉ፣ አንዴ የኛን ጣሪያ ያያሉ።

«ልጄ፣ መብራት አለ ወይ?» አሉኝ።

«አለ አባ።»

«ተመስገን» ብለው ወደ ስልካቸው አቀረቀሩ።

ረቡዕም እዚያው ናቸው። ሐሙስ ደግሞ «ቤቱ ሰላም ነው? የሺ አልመጣችም?» አሉኝ። «ቅዳሜ ትመጣለች አባ» ብያቸው ወደ ጉዳዬ ሄድኩ።

ቅዳሜ የሺ መጣች። ነጠላዋን ሳታወልቅ «ዋይፋዩ ስልኬን እምቢ አለው» አለች። ያንን ሁሉ ሰው እንዴት እንዳባረርኩ እየሳቅኩ ነገርኳት። እሷም ትስቃለች ስል ፊቷ ተለዋወጠ።

«የቄስ አዳነንስ?»

«የምን ቄስ አዳነ?»

«አንተ ሰውዬ! ምስጋናው በኢሞ የሚደውልላቸው በኛ ዋይፋይ አይደል እንዴ! እኔ ነኝ እኮ ያስገባሁላቸው!»

ምስጋናው ልጃቸው ነው። ሳይነግራቸው ተነስቶ በባሕር ወደ ሳውዲ ልሻገር ብሎ ጅቡቲ መውረዱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እኔ የማላውቀውን የነገረችኝ የሺ ናት። ደላሎቹ ጠዋት ጠዋት ስልክ ሲፈቅዱለት ይደውልና «አባ፣ ይመርቁኝ» ይላል። እሳቸው ደግሞ «ተመለስ! አልመርቅህም» ይሉታል። ያለ አባት ምርቃት ባሕር አይደፍርም ብለው ነው። ልጁን ያስቀሩት በዚያ ብቻ ነበር።

ሮጬ ሄጄ ከቤታቸው ጠራኋቸውና ግቢያችን አስገባኋቸው። አዲሱን ፓስወርድ ስልካቸው ላይ ስጽፍ ሁለቴ ተሳሳትኩ። በሦስተኛው ገባ። ስልኩ ጮኸ... ደግሞ ጮኸ... ማቆሚያም አልነበረው። የማክሰኞ ጥሪ፣ የረቡዕ ጥሪ፣ የሐሙስ ጥሪ። ከሁሉም በኋላ ዓርብ ጠዋት የተላከ አንድ የድምፅ መልእክት አለ። ከፈትኩላቸው።

«አባ... ዛሬ ጀልባው ሊነሳ ነው። ስልኩንም ይቀበሉናል። ሦስት ቀን ሙሉ ደወልኩልዎ... ተቀይመውኝ እንደማያነሱ ገብቶኛል። እንግዲህ ሳይመርቁኝ መሄዴ ነው። ይፍቱኝ አባ።»

«ድገምልኝ» አሉኝ። ደገምኩላቸው። ከዚያ ቀስ ብለው «ማክሰኞ ልመርቀው ነበር» አሉ። «እንደማይመለስ ገባኝ። ባዶውን ከሚሄድ ብዬ...»

አልጨረሱትም። እኔ እግራቸው ላይ ወድቄያለሁ።

«አባ፣ ለምን አልነገሩኝም? አንድ ቃል ቢሉኝ ምን ነበረበት!»

«የሰው ቤት ነገር እንዴት ብዬ ልጠይቅ ልጄ? ከዘጋኸውም ምክንያት ቢኖርህ ነው ብዬ።»

አልተቆጡኝም። በላሊበላ! ቢቆጡኝ፣ ቢሰድቡኝ በስንት ጣዕሙ።

የድምፅ መቅጃውን ተጭኜ ያዝኩላቸው። መስቀላቸውን ስልኩ ላይ አሳርፈው መረቁት። ባሕሩን አረጋጉለት፣ እንጀራውን ለመኑለት፣ ክፉ ሰው እንዳያገኘው ጸለዩለት። የሺ በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ስልኩን ስለቀው መልእክቱ ሄደ፤ አንዲት ምልክት ብቻ አወጣ። ተልኳል፣ አልደረሰም።

«ደረሰው?» አሉኝ።

«ይደርሰዋል አባ፣ ስልኩን ሲከፍት።» ስልኩን እንደሚቀበሏቸው ሁለታችንም አሁን ከአፉ ሰምተናል።

ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ቀን ሆነ። የምስጋናው ወሬ የለም። የጀልባውም ወሬ የለም። ፓስወርዱን ጨርሶ አጥፍቼዋለሁ፤ ያሻው ይግባ፣ ምን አገባኝ። ቄስ አዳነ በየጠዋቱ መጥተው ስልኩን ይሰጡኝና «ደረሰው?» ይሉኛል። ትናንት ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ «አዎ አባ፣ ደርሶታል» አልኳቸው። ደስ ብሏቸው ሄዱ።

ይህን ውሸት እንዳልናዘዘው... የነፍስ አባቴ እሳቸው ናቸው።