የቀነስኳቸው አምስት ዓመታት

ኦስሎ ስገባ ሥራ እንዳላጣ ፈርቼ ዕድሜዬን አምስት ዓመት ቀንሼ አስመዘገብኩ። እኔ ጅሏ! ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጽዳት እሠራለሁ፤ ጉልበቴ አልቋል። ባለፈው ስለ አዲሱ የጡረታ ሕግ ሊያስረዱን፣ ጠዋት እኔው የወለወልኩት አዳራሽ ውስጥ ሰበሰቡን። ሕጉ ሰውን በትውልድ ዓመቱ ይከፍላል፤ ቀድሞ የተወለደ በአሮጌው ሕግ ቶሎ ይወጣል፣ የኋለኛው ገና ብዙ ዓመት ይሠራል። እውነተኛው ዕድሜዬ ቢቆጠር ኖሮ ቶሎ ከሚወጡት አንዷ ነበርኩ። ተነስቼ "ዋሽቼ ነው፣ አሮጊት ነኝ!" ብዬ ልጮህ ቃጣኝ። ግን ማን ያምነኛል? ቢያምኑኝስ የመኖሪያ ፈቃዴ ምን ሊሆን ነው? ስብሰባው ሲያልቅ አስረጂዋ ልጅ የትውልድ ዓመቴን መዝገቡ ላይ አየችና፣ "አንቺማ ገና ወጣት ነሽ!" ብላ ሳቀችልኝ። እኔም ሳቅኩላት። ከኋላ እያየችኝ ስለነበር፣ ደረጃውን ሳላነክስ ወረድኩ።