ያደረ ቴምፔ የሚገዙት ሽማግሌ

በየማለዳው ገበያ ውስጥ ወዳለው የቴምፔ ሻጯ የዋርቲኒ መደብ የሚመጡት ሽማግሌ ስማቸውን ተናግረው አያውቁም። ሸሚዛቸው ንጹሕ ነው፤ ቁልፎቹ ግን አንድ ቀን እንኳ በየቀዳዳቸው ገብተው አያውቁም። በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለውን፣ ከተብላላ አኩሪ አተር የሚሠራውን ቴምፔ አንስተው ጉንጫቸው ላይ ይለጥፉና፣ «ይሄ ገና ትኩስ ነው። ያደረውን ስጪኝ፤ ባለቤቴ ለወጥ የምትወደው ሸተት ያለውን ነው» ይላሉ።

«አባባ፣ አኩሪ አተር ሪህ ይቀሰቅሳል ሲሉ አልሰሙም?» ትላቸዋለች ከዋርቲኒ ጎን ያለችው ዓሣ ሻጭ፣ እያነከሱ ሲመጡ አይታ።

«ሪሁ እንደሆነ ባልበላም አይቀርልኝ። ርቦኝ ከሚያገኘኝ ጠግቤ ያግኘኝ!»

መደብተኛው ሁሉ ይስቃል።

ዛሬ ግን ሳቁ በረድ ሲል ወደ ዋርቲኒ ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ ለመሆኑ የኮኮናቱ ወተት የሚጨመረው ቴምፔው ሳይደቆስ ነው ተደቁሶ?»

ዋርቲኒ ቢላ የቆረጠው አውራ ጣታቸው ላይ የተጠመጠመውን ጨርቅ አየች። ቅጠሉን ጠበቅ አድርጋ አሰረችና፣ «ለባለቤትዎ ይንገሩልኝ፤ ከተደቆሰ በኋላ ነው። እሳቱንም ትቀንስ፤ ሸሚዝዎ ያረረ ወጥ ይሸታል» አለቻቸው።

ሽማግሌው ፊታቸው በራ።

«እነግራታለሁ። እሷ እንኳ ድሮም ሰሚ ናት፤ ምክር የማይሰማው እኔ ነበርኩ።»