የሹዋን እጅና የመስፍኑ ደወሎች

ደወል ሠሪው ፌንግ ዶው የመስፍኑን ዘመን የሚቆጥረው በደወል ነበር። መስፍኑ የአባታቸውን መንበር የያዙ ዕለት የመጀመሪያዋን አፈሰሰ፤ ጎረቤት አገር ወግተው ሲመለሱ አምስት ጨመረ፤ የሃን ወንዝ ሞልቶ ጎተራውን ጠርጎ በወሰደበት ዓመት ምንም አልሠራም። አሁን መስፍኑ አርጅተው አልጋ ላይ ሲውሉ፣ ሠላሳ ስድስት የነሐስ ደወሎች በአዳራሹ ተሰቅለዋል። እያንዳንዳቸው መካከላቸውን ሲመቷቸው አንድ ድምፅ፣ ጎናቸውን ሲመቷቸው ሌላ ድምፅ ይሰጣሉ። በአንድ ነሐስ ውስጥ ሁለት ነፍስ! ራሱ ያበጀው ሆኖ ሳለ ዶውን ዛሬም ይገርመዋል።

የምትመታቸው ሹዋን ናት፤ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጁ። ባለፈው መኸር በግብዣ ላይ መስፍኑ፣ «ከልጅህ ሌላ የሚመታቸው አለ?» ብለው ጠይቀውት ነበር። ዶው የሩዝ ጠላው ሞቅ አድርጎት፣ «ያለሷ እጅ ዲዳ ናቸው፣ ጌታዬ» አለ።

ዛሬ የቤተ መንግሥቱ የሥርዓት ሹም ወደ ዶው ማቅለጫ ቤት መጣ።

«ታድለሃል፣ ዶው። መስፍኑ ሲያርፉ ደወሎቹ አብረዋቸው ይቀበራሉ። ልጅህም።»

«ሌላ መቺ አሠለጥናለሁ፣ ጌታዬ! አንድ ወር ብቻ...»

«ያለሷ እጅ ዲዳ ናቸው ያለው ማነው? እኔ ነኝ? መስፍኑ ቃልህን አስጽፈውታል።»

ሹሙ እንደሄደ ዶው የሚሞርድበትን ድንጋይ ይዞ አዳራሽ ገባ። ከትልቁ ደወል ሥር ተንበርክኮ ውስጡን ይፍቀው ጀመር። ድምፅ የሌለው ደወል መቺ ምን ያደርግለታል?

ሹዋን መጥታ ደወሉን በመዶሻዋ ነካ አደረገችው፤ ሳቀች።

«አባዬ፣ ይቺ ሰክራለች እኮ! ምን አጠጣሃት?»

ዶው ቀና አላለም። መፋቁን ቀጠለ። ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ከሚቀበሩት ጋር እኔንም ጽፈውኛል?»

«አዎ፣ ልጄ።»

ማምሻውን ሹሙ ደወሉን አስመትቶ ሰማ፤ ትከሻውን ሰበቀ። «እዚያ ታች ማን ጆሮ አለው ብለህ ነው? እኛ የምንቆጥረው ሠላሳ ስድስት ደወልና አንድ መቺ ነው። ቢሆንም የመስፍኑ ንብረት ነውና ያበላሸኸውን አስተካክል፤ አለዚያ አንተም ትከተላለህ።»

«ዛቻውንስ ተወው፣ አባዬ» አለች ሹዋን ሹሙ ሲወጣ፣ «ግን እባክህ አስተካክላት። ዘላለሜን የተበላሸ ደወል ስመታ ልኑር?»

የነሐሱ ብናኝ በዶው መዳፍ ላይ ያብለጨልጭ ነበር፤ እፍኝ እንኳ አይሞላም። ያንን ወደ ደወሉ የሚመልስ ጥበብ አልነበረውም። ደወሉን አቅልጦ እንደ አዲስ ማፍሰስ አለበት፤ ለዚያም ነሐሱ የሚፈስበት የጭቃ ቅርጽ ሃያ ቀን መድረቅ አለበት። ዶው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቤተ መንግሥቱ ዞሮ ተደፋ፤ ግንባሩን መሬት አስነክቶ መስፍኑ ሃያ ቀን እንዲኖሩ ለመነ።

በስድስተኛው ቀን ከቤተ መንግሥቱ አጥር ውስጥ የለቅሶ ዋይታ ተሰማ። ዶው ሮጦ የሠራውን የጭቃ ቅርጽ ዳሰሰው።

ጣቱ ጠልቆ ገባ።