ምች ነው ያሉት ሽፍታ

ሱሉልታ ወተት የሚገዛ ሁሉ ድንቅቱን ያውቃታል። ወተቷ ላይ ውሃ ጠብ አታደርግም፤ ምላሷ ግን አያድርስ ነው! ጎረቤቷ ነኝ፣ ስንጣላና ስንታረቅ ነው የኖርነው። ወንድሟ ነገሳ የደም ካንሰር ሲይዘው ህንድ አገር ድረስ አብራው ሄዳ መቅኔዋን ሰጠችው። «አንድ ጡት ጠብተን አድገን ይሄ ምን ይቆጠራል?» አለችኝ ስትመለስ።

ነገሳም ደህና ሆኖ ነበር። የድርቆሽ አጨዳ ሲደርስ ግን ቤት መቀመጥ ሰለቸኝ ብሎ ፀሐይ ላይ ዋለ። በማግስቱ ፊቱና ጆሮው ቀላ፣ መዳፉን አሳከከው። የህንድ ሐኪሞች «ሽፍታ ካየሽ ሳታድሪ ሆስፒታል ውሰጂው» ብለዋት ስለነበር ነጠላዋን አንስታ ወጣች። የሰፈሩ ሽማግሌ ኦቦ ያደታ በር ላይ አገኟት።

«ምች ነው እኮ! ፀሐይ መትቶት ነው። ምች ደግሞ መርፌ አይወድም፣ ትገድይዋለሽ!» አሏት።

የትልቅ ሰው ቃል ማን ይሽራል? ተመለሰች። ዳማከሴ ተጨምቆ ተቀባ፣ ጠጣም። ወዲያው ተቅማጡ ጀመረው፤ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ያኔ ነው አዲስ አበባ ይዘነው የሮጥነው።

ሐኪሟ አልተቆጣችንም። «መድኃኒት ሳይስማማም እንዲህ ያደርጋል፣ ቫይረስም እንዲህ ያደርጋል። ሌላም አለ» ብላ ከቆዳውም ከአንጀቱም ለምርመራ ናሙና ወሰደች። ሌላው ምን እንደሆነ ድንቅቱ ህንድ ሳለች ሰምታ ነበር። ኮሪደሩ ላይ «አምላኬ፣ ቫይረስ አድርግልኝ» እያለች ስትለምን ሰማኋት። ቫይረስ ይሁንልኝ ብሎ የሚሳል ሰው አይቼ አላውቅም፣ አንጀቴን በላችው።

ቫይረስ አልሆነም። ከድንቅቱ መቅኔ የበቀለው ደም የነገሳን ገላ ባዕድ ነው ብሎ እያጠቃው ነበር። ፀሐይዋ ቀስቅሳዋለች፤ እኛ ዳማከሴ ስንጨምቅ ጉበቱ ድረስ ዘልቋል።

ነገሳ ሲነገረው ሳቀ። «ልጅ ሆነን ትቧጭሪኝ ነበር፤ ዛሬም አለቀቅሽኝም?» አላት። እሷም ልትስቅለት ሞከረች፣ አቃታት። መድኃኒቱ አልያዘለትም፤ ብዙም ሳይቆይ አረፈ።

ለቅሶው ላይ ኦቦ ያደታ እንባቸው እየወረደ አጠገቧ ተቀመጡ።

«አይዞሽ ልጄ፣ አንቺ ደምሽን ሰጥተሽዋል። ከዚህ በላይ እህት ምን ታደርጋለች?»

ለቀስተኛው ሁሉ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አለ። ያ ምላሷ አሁን ምቹን ያነሳባቸዋል ብዬ ፈራሁ። አላነሳችባቸውም። እጃቸውን በሁለት እጇ ይዛ፦

«ኦቦ ያደታ፣ እባክዎ በሌላ ያጽናኑኝ፤ እሱን ብቻ አይንገሩኝ» አለቻቸው።